ማስተካከያ፦ በሞዴል ባቡር ላይ ዝገትና ጥላሸት ስለማስመሰል

ቀደም ሲል ባወጣነው መመሪያ የዝገት ዱቄት ቀለም በሚያብረቀርቅ የፋብሪካ ቀለም ላይ በቀጥታ ይቀባል ብለን ነበር። ስህተት ነው። ዱቄቱ ሸካራ መያዣ ስለማያገኝ ጣት ሲነካው ይረግፋል። መጀመሪያ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ስስ አድርጎ መንፋት፣ 24 ሰዓት ማድረቅ፣ ከዚያ ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች መሳብ ነው፤ ዝናብም በእውነተኛው ባቡር ላይ ቆሻሻውን የሚያወርደው እንደዚያው ነውና። ዱቄቱን ለማሸግ በመጨረሻ ቫርኒሽ ሲነፋበት ዱቄቱ በጣም ይደበዝዛል፤ አንዳንዴ ጨርሶ የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ ከሚፈለገው አጉልቶ መጀመር፣ በስሱ መንፋት፣ ካነሰ መድገም ይሻላል።

አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን) ቀለሙን በአልኮል አቅጥኑ ማለታችንም ይታረም። አልኮል ከሥር ያለውን አክሪሊክ ሊያሟሟ፣ ቫርኒሹንም ሊያነጣው ይችላል። 1 እጅ ቀለም በ10 እጅ ውሃ፣ ከአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር፣ ይበቃል።

የረሳነው ነገር፦ ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ በመንኮራኩሮቹ በኩል ነው። ቫርኒሽ ከመንፋት በፊት ሐዲዱን የሚነካውን የመንኮራኩር ገጽ በማጣበቂያ ወረቀት ይሸፍኑ፤ አለበለዚያ ባቡሩ ይንገጫገጫል ወይም ይቆማል።

ኤችኦ (HO) የሚባለው የሞዴል ባቡር መጠን ከእውነተኛው ባቡር አንጻር 1:76 ተብሎ የተጻፈው 1:87 ተብሎ ይነበብ። 1:76 ኦኦ (OO) የሚባለው ሌላ የሞዴል መጠን ነው፤ ሁለቱም በ16.5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ስለሚሄዱ ይምታታሉ።