ደጀኑን የሳለ ወታደር ምስክርነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

ክርክሩን ያስነሳው አንድ ስሙ ያልታወቀ የእንግሊዝ ወታደር በውሃ ቀለም የሳለው የጓሮ ሥዕል ነው። ግርጌው ላይ በእርሳስ 1940 ተብሎ ተጽፏል (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ከፈረንሳዩ ወደብ ከደንከርክ ካፈገፈገ በኋላ የጦሩ ትልቅ ክፍል እስከ 1944ቱ የኖርማንዲ ዘመቻ አገሩ ውስጥ ስለቆየ፣ ወታደር የደጀኑን (ከጦር ግንባር ኋላ ያለውን ሕዝብ) ኑሮ መሳሉ አያስገርምም።

«ቤቱ ዘሟል፤ የሴትየዋ እጅ ከእግሯ ይረዝማል» አለ የታሪክ መምህሩ። «እጅ መሳል ያቃተው ሰው ስለ ዘመኑ ምን ያስረዳል?»

የወረቀት ጥገና ባለሙያዋ ጣቷን መጠለያው ላይ አሳረፈች። «ወንድሜ፣ ቤቱን ተወውና ይህን ቁጠር። አንደርሰን የሚሉት፣ ሰው ከአየር ድብደባ የሚሸሸግበት የጓሮ መጠለያ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ጎባጣ ቆርቆሮ አናቱ ላይ በብሎን ተገጥሞ ነው የሚሠራው። ቁመቱ 1.8 ሜትር ያህል ነው፤ 1.2 ሜትሩ ይቀበራል፣ ላዩ ቢያንስ 38 ሴንቲሜትር አፈር ይለብሳል። ስለዚህ ከመሬት በላይ የሚታየው 1 ሜትር ገደማ ነው። ይኸው፣ አጠገቡ የቆመችው ልጅ ትበልጠዋለች። በሩ ላይ ባልዲም አለ፤ ጉድጓዱ ውሃ ያቁር ስለነበር ይቀዳ ነበር። ይህን ያየ ሰው ነው የሳለው።»

«እሺ፣ 1940 መሆኑንስ በምን አወቅሽ?»

«እስካሁን የሚያፈርሰው ነገር አላየሁም። ጠረጴዛ የሚመስለው ሞሪሰን የተባለ የቤት ውስጥ መጠለያ የታደለው ከ1941 ጀምሮ ነው። የአሜሪካ ወታደሮች መግባት የጀመሩት በ1942 መጀመሪያ ነው። አንዳቸው ቢኖሩ ቀኑ ይወድቅ ነበር።»

«አለመኖራቸው ግን ቀኑን አያረጋግጥም።»

«አያረጋግጥም» ብላ ተቀበለችው።

ከሁሉም ያጨቃጨቀው ሦስተኛው ሰው የተናገረው ነው። ሰማዩ፣ ልብሱ፣ የልጅቷ ፊት ሳይቀር ግራጫ መሆኑን አይቶ «ወታደሩ ሐዘኑን ነው የቀባው» አለ። እሷም ፍሬሙ ይፈታ አለች። ዙሪያውን በሸፈነው ካርቶን ሥር ብርሃን ያልነካው ጠርዝ ሲታይ ሰማዩ ደማቅ ሰማያዊ፣ የሴትየዋ ኮት ጫፍ ቀይ ነበር።

በእኔ እምነት መምህሩ ስለ ቀኑ ልክ ነው፤ ግርጌ ላይ ያለ ዓመት ሥዕሉ ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሊጻፍ ይችላል። በቀረው ከባለሙያዋ ጋር ነኝ። ጀማሪ ሠዓሊ የቆጠረውንና የለካውን ነገር እናምነዋለን፤ ስሜቱን ከቀለሙ ለማንበብ ግን የተሸፈነውን ጠርዝ ሳያዩ መቸኮል ስሕተት ነው። አንዳንድ ቀይና ሰማያዊ የውሃ ቀለሞች ብርሃን ፈጥኖ ያጠፋቸዋል። ከእንጨት ብስባሽ የተሠራ ርካሽ ወረቀትም ራሱ ይወይባል፤ ነጩ ቢጫ ሲሆን ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ይመስላል።

እንዲህ ያለ ሥዕል እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ ያንሳ፤ ቦታና ስም የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ ነው። አሮጌ ፕላስተር ከተለጠፈበት በጥፍር አይላጥ፤ ሙጫው ወረቀቱን ይዞት ይነሳል። በፕላስቲክ ማሸግማ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳል፣ መልሶ ማውጣትም አይቻልም። አሲድ አልባ ካርቶን ይደረግለት፣ የሚሰቀል ከሆነም ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይለፍ።