“ማደሪያን ይጨምራል”፤ ትኬቱ የማይነግረን ሌሊት

ባለፈው ጥር በድሬዳዋ ዳርቻ በተዘጋጀ የሦስት ቀን የሙዚቃ ድግስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በድንኳን አደርኩ። ትኬቱ “ማደሪያን ይጨምራል” ስለሚል፣ ማደሪያው ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ የተዋስኩትን ድንኳን፣ አንድ ስስ አንሶላና ሽርጥ ይዤ ሄድኩ። የጠበቀኝ በኖራ የተሰመረ አሸዋማ ሜዳ ነበር። ችካሉን በድንጋይ መትቼ አስገባለሁ፤ ገመዱን ስወጥረው መልሶ ይነቀላል። በመጨረሻ የሠርግ ድንኳን በመትከል የሚተዳደር አንድ ወጣት አይቶኝ “አቦ ጋሼ፣ ይሄ አሸዋ ችካል አይዝም” አለና ባዶ ማዳበሪያ በአሸዋ ሞልቶ፣ ገመዱን በማዳበሪያው ወገብ ላይ አስሮ ክንድ በሚያህል ጉድጓድ ቀበረልኝ። ያ ድንኳን እስከ መጨረሻው ቀን ንቅንቅ አላለም።

ይህን የማነሣው አዘጋጆቻችን ስለ መድረኩ የሚያስቡትን ያህል ስለ ሌሊቱ እንደማያስቡ በዓይኔ ስላየሁ ነው። ጀነሬተሩ የመድረኩ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙዚቃው ሲያበቃ እሱም ጠፋ፤ መጸዳጃ ቤቶቹ ያሉበት የሜዳው ጥግ በጨለማ ተዋጠ፤ ሴቶቹ አራትና አምስት እየሆኑ በስልክ መብራት ይሄዱ ጀመር። ሙዚቃው ሲቆም ድግሱ ያለቀ ለአዘጋጁ እንጂ እዚያው ለሚያድረው ሰው አይደለም።

ልማዱ ከውጭ የመጣ ስለሆነ ገና እየለመድነው ነው የሚል ሰበብ እሰማለሁ። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ የተካሄደው የዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስም ሆነ በ1970 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው የግላስተንበሪ የሙዚቃ ድግስ በወተት ላሞች እርሻ ላይ የተሰናዱ ነበሩ። ነገር ግን ለቀናት ሜዳ ላይ ማደር ለዚህ አካባቢ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የሚከበረውን የቁልቢ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን በደጋው ብርድ ሸራ ወጥሮ ሲያድር ኖሯል። ብዙ ጊዜ ቁልቢ የወጡት አክስቴ ስለ ድግሱ ስነግራቸው ስለ ዘፋኞቹ አልጠየቁኝም። “ውኃው ከየት ነው የሚቀዳው?” አሉ፤ ቀጥለውም “ጋቢ ይዘሃል?” አልያዝኩም ነበር። የድሬን ሙቀት ተማምኜ በጥር ሌሊት ከአሸዋው የሚወጣው ቅዝቃዜ አጥንቴ ድረስ ገባ።

የቦታ ምርጫ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው። በዚህ ከተማ ሰፊ፣ ደልዳላና ለድንኳን የተመቸ የሚመስለው ቦታ የደረቀ የወንዝ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደው ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ እንደነበር ማንም የድሬ ልጅ አይረሳም። ከራስ በላይ ከዋክብት እየታዩ ጎርፍ ሊመጣ የሚችልበት አገር ስለሆነ፣ ወሩ ምንም ይሁን ምን በወንዝ ወለል ላይ ሰው ማሳደር መከልከል አለበት ባይ ነኝ።

ትንኙም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከተማችን ውስጥ የተቀሰቀሰውን የደንጌ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው በአብዛኛው በቀን ሲሆን የምትራባውም ክዳን በሌለው በርሜልና ጀሪካን ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ነው። ሌሊቱን ሲጨፍር አድሮ ረፋዱን ድንኳኑን ከፍቶ የሚተኛ ወጣት ራሱን አመቻችቶላታል ማለት ነው። ስለዚህ አጎበሩ ለቀን እንቅልፍም ያስፈልጋል፤ የአዘጋጁም በርሜሎች መከደን አለባቸው። የእኛዎቹ አፋቸውን ከፍተው ሦስቱንም ቀን ቆሙ።

በሁለተኛው ሌሊት ከጎኔ የሰፈሩ ልጆች ብርዱ ሲጠናባቸው ቡና ያፈሉበትን የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳናቸው አስገብተው ዚፑን ዘጉ። የከሰል ጭስ አይታይም፤ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ ጋዝም ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ሄጄ አስወጣኋቸው፤ መጀመሪያ ተቆጡኝ፣ ኋላ ላይ ሻይ ሰጡኝ። ጥበቃው ግን ሁለት ጊዜ በዚያ በኩል አልፏል። ምን መፈለግ እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም።

አዘጋጁ ለመጪው ጥርም ትኬት መሸጥ ጀምሯል። ደውዬ የውኃው ቦቴ የት እንደሚቆም፣ ስንት መጸዳጃ ቤት እንዳለና መብራቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በትሕትና “እሱ ቦታው ላይ ይነገራችኋል” አለችኝና የዘፋኞቹን ዝርዝር ልትልክልኝ ቁጥሬን መዘገበች።