ባንዲራ ለማውረድ ጎረቤት ማስፈራራት አያስፈልግም

ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ ስለ ቱሪዝም በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ፣ ሕንድና ፓኪስታን በዋጋህ ድንበር በየምሽቱ ባንዲራ ሲያወርዱ የሚያሳዩት፣ ወታደሮቻቸው እግር ወደ ላይ እያነሱ የሚፋጠጡበት ትርኢት ከጅቡቲ ጋር በምንዋሰንበት በደወሌ ኬላም ቢጀመር «ጎብኚ ይጎርፍልናል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ።

የባሰው ማስረጃቸው ነው፤ «የሐረርን መኮንኖች ያሠለጠኑት ሕንዶች አይደሉም ወይ?» ናቸው እንጂ! በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በተቋቋመው የሐረር ጦር አካዳሚ ያስተማሩት ከሕንድ የመጡ መኮንኖች ነበሩ። ያስተማሩት ግን ሙያ ነው፤ ተረከዝን እስከ ግንባር አንስቶ ጎረቤት ላይ ማፍጠጥ ከመቼ ወዲህ ነው የመኮንን ሙያ የሆነው?

በዋጋህ ሁለቱ ባንዲራዎች አንዱ አንዱን ሳይቀድም እኩል ይወርዳሉ። ይህ ያምራል፣ አልክድም። የቀረው ፉከራ ነው። በ2002/03 ዓ.ም. የትርኢቱ ባለቤቶች ራሳቸው ቁጣውን ለማለዘብ ሞክረዋል። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. በፓኪስታን በኩል ትርኢቱን አይቶ በሚመለስ ሕዝብ መካከል አጥፍቶ ጠፊ ከ50 በላይ ሰው ፈጀ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አገሮቹ ሲጋጩ ደግሞ ሕንድ የድንበሩን በር ዘግታ የሁለቱን ወገን ወታደሮች መጨባበጥ አስቀረች፤ እግር ማንሳቱ ግን ቀጠለ። ከሥርዓቱ ሁሉ ክብር የነበረው አንድ ነገር ተጣለ፣ ፉከራው ተረፈ! ይህን ነው አምጡልን የሚሉን?

ለመሆኑ በደወሌ የምናስፈራራው ማንን ነው? ከኬላው ወዲህም ወዲያም ያለው የኢሳ ጎሳ በሠርግም በለቅሶም የሚገናኝ ዘመድ ነው። የምንበላውና የምንለብሰው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። እንጀራህ በሚያልፍበት በር ላይ ቆመህ ጡጫ ታሳያለህ?

ክብር ምን እንደሚመስል ድሬዳዋ ታውቃለች። ልጅ ሳለሁ ከዚራ ሰፈር ላይ ባንዲራ ሊወርድ ፊሽካ ሲነፋ መንገዱ ሁሉ ቀጥ ይል ነበር። ባለ ብስክሌቱ ወርዶ ይቆማል። ጋሪ ነጂው ልጓሙን ስቦ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ፈረሱ ጅራቱን ሲወዘውዝ ብቻ ይሰማ ነበር። ማንም አልጮኸም፣ ማንም ትኬት አልቆረጠም። ያን ዝምታ አጥፍተን ስናበቃ አሁን በጩኸት ልንተካው ነው።

ደወሌ ላይ ሥርዓት ይኑር ከተባለ ይኑር። ወታደሩ ባንዲራውን አፈር ሳያስነካ አጣጥፎ ይረከብ፤ ከማዶ ያለውም የጅቡቲ ወታደር ሰላምታ ይስጠው።