«ፈረንሳይ ሳትዋጋ እጇን ሰጠች» ለምትሉ

ወገኖች፣ «ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1940 አንድ ጥይት ሳትተኩስ እጇን ሰጠች፣ የተዋጉላት ሌሎች ናቸው» የሚለው አባባል ሲቀባበሉት ስላየሁ ላርመው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን መሸነፏ እውነት ነው፣ ያውም በስድስት ሳምንት። ሳትዋጋ የሚለው ግን ስህተት ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ወታደሮቿ ሞተዋል።

ደንከርክን ብቻ እንይ፤ በጀርመን ጦር የተከበቡ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች በመርከብ ያመለጡባት የሰሜን ፈረንሳይ ወደብ ናት። እንግሊዞች ይኮሩበታል፣ ይገባቸዋልም። ወደ 338 ሺህ ሰው በባሕር ወጣ፣ ከ120 ሺህ በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ፈረንሳዮች ነበሩ። በዚያው ሰሞን ሊል ከተማ ውስጥ የተከበበ የፈረንሳይ ጦር ሰባት የጀርመን ክፍለ ጦሮችን ለቀናት ይዞ ስላቆየ ነው ለሚያፈገፍጉት ጊዜ የተገኘው። በመጨረሻ እጅ ሲሰጡ ጀርመኖቹ ራሳቸው አክብረዋቸው፣ መሣሪያቸውን እንደያዙ በሰልፍ እንዲያልፉ ፈቀዱላቸው። (ጠላት ያከበረውን አጋር መቀለጃ ሲያደርገው ትንሽ ይከብዳል።)

ቀልዱ ሲደጋገም ለሌላው መውጫ የከፈተው ሰው ፈሪ ተብሎ ይቀራል። ማጣራት የፈለገ የዚያን ጊዜውን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የቸርችልን የጦርነት ማስታወሻ ሁለተኛ ቅጽ ይክፈት። ስለ ደንከርክ በጻፈው ምዕራፍ የሊሉን ውጊያ በግልጽ አስፍሮታል።