ሳህን ያጠበ ስልብ

ባለፈው ፋሲካ ከሰባት ዓመት በኋላ መንዝ ገባሁ። ምሳ ተበላ። የስቱትጋርት ልማዴ ያዘኝና ሳህኑን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ሄድኩ። እጄ ውኃ ሳይነካ አክስቴ ደርሳ ነጠቀችኝ። «በሞትኩት! ልጃችንን ፈረንጅ ሰለበብን!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ቃሉ ከሆዴ አልወጣም አለ።

ቀላል ቃል አይደለማ። ድሮ ጀግና ጠላቱን ጥሎ ብልቱን ቆርጦ ግዳይ ይጥል ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይም ይኸው ነገር እንዳልቀረ ተጽፏል። ዛሬ ዜና አንባቢው «የጎርፍ ሰለባ»፣ «የኑሮ ውድነት ሰለባ» ሲል ማንም አይደነግጥም። ሴራም እንደ በሬ «ይኮላሻል»። እህሉና ቅቤው በረከት ካጣ ደግሞ ሰላቢ ወሰደው ነው። አሁን እኔ በአንድ ሳህን ከእነዚህ ጋር ተቆጠርኩ።

ፈረንጁም ያው ነው። አንድ ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ድመቱን ሐኪም ዘንድ ወስዶ ከፍሎ አኮላሻትና ምንም አልመሰለውም። ሚስቱ በደመወዝ ስትበልጠው ግን «ወንድነቴን ወሰደችው» እያለ ቢራ ይዞ ሲያለቅስብኝ አመሸ። ምኑን ነው የወሰደችው? ደግነቱ እሱ ሳህን ያጥባል፤ ማንም አይነጥቀውም።

አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ከብት ትጠብቃለች። ሞፈር ግን አትይዝም፤ ነውር ነው። ለእርሻ ወንድ ትለምናለች። ያን የወንድ ሥራ የሚጎትተው ማን ሆነና? የተኮላሸ በሬ!

ደግሞስ ስልብነት ይህን ያህል ውርደት ከሆነ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 በጋዛ መንገድ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ የተገኘውን ጃንደረባ «የእኛ ነው» እያልን ለምን እንኮራበታለን?

ሰባት ዓመት ብቻዬን ሳበስልና ሳጥብ ስለ ወንድነቴ የጠየቀኝ የለም። በየወሩ ብር ስልክ ወንድ፣ ሳህን ስነካ ስልብ። ቢያንስ የላኩት ብር ይመስክርልኝ እንጂ!

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ዘረገፍኩለት። አጥንቱን እየጋጠ ዝም ብሎ ሰማኝ። «ይልቅ ብላ» አለኝ በመጨረሻ። «ለአንተ ብለን ሦስት ወር የቀለብነው ሙክት ነው። የአውራ ሥጋ ምን ይጥማል ብለህ!»