ተርባይኑ ቆሞ፣ ሽቦው ጠፍቶ

ናይጄሪያ ውስጥ አባ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጫማ ነው። አሪያሪያ በሚባለው ገበያዋ ጫማ ሰሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ቦርሳ ሰሪው በጠባብ ክፍል ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይሠራል። ሥራቸው ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት አገር ይሸጣል። ሙያ ሞልቷቸዋል። የጠፋው መብራት ነበር። ስለዚህ በየሱቁ ደጅ ትንሽ ጄኔሬተር ሲንደቀደቅ ይውል ነበር። ናይጄሪያውያን ለዚህች ጄኔሬተር «ከጎረቤቴ እሻላለሁ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ያተረፉትን ግን ነዳጅ ይበላው ነበር።

ለዚህች ከተማ መላ ያመጡት ባርት ናጂ ናቸው። የሮቦት ምህንድስና ፕሮፌሰር ናቸው፤ በኋላም የአገሪቱ የኃይል ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። ኩባንያቸው ጂኦሜትሪክ ፓወር ኦሲሲዮማ በተባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር የጋዝ ኃይል ማመንጫ ተከለ። ጋዙ ሩቅ አይደለም፤ በ27 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ይመጣል። እያንዳንዳቸው 47 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሦስት ተርባይኖች አሉት፤ በድምሩ 141። አራተኛው ሲጨመር 188 ይሆናል። ዕቅዱ ማመንጨት ብቻም አልነበረም። ኩባንያው በአባና በዙሪያዋ የራሱን ሽቦና ምሰሶ ዘርግቶ፣ ብሔራዊው መረብ ቢወድቅ እንኳ ከተማዋ ብቻዋን መብራት እንድታገኝ ነበር የታሰበው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጣቢያው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መንግሥት የኤሌክትሪክ አከፋፋዮቹን ወደ ግል አዞረ። የአባ አካባቢም ከኢኑጉ አከፋፋይ ድርጅት ጋር አብሮ ለሌላ ባለሀብት ተሸጠ። ለናጂ ኩባንያ ቀድሞ በውል የተሰጠው ያው አካባቢ ነበር። ክርክር ተነሳ። ተርባይኑ አለ፣ ጋዙ አጠገብ ነው፣ ጫማ ሰሪው ይጠብቃል፤ ሽቦው የማን እንደሆነ ግን የሚፈታው ጠፋ። ጉዳዩ እልባት ያገኘው በ2022 ነው። ጣቢያው የተመረቀው ደግሞ በየካቲት 2024። በዚህ ሁሉ ዓመት ጫማ ሰሪው ቤንዚን ሲቀዳ ኖረ። ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

ሰፈሬ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። በቀደም ሱሪ ላሳጥር ሄድኩ። እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ መብራት ሄደ። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። የማሽኑን ጎማ በእጇ ቀስ አድርጋ አዙራ መርፌውን አወጣችና «ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ» አለችኝ። ጥግ ላይ ስምንት ያላለቁ ቀሚሶች ተሰቅለዋል። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል። ለእሷ ግን ዋናው ነገር ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ሱቋ ያለው ጥቂት ሜትር ነው።

ይህን የማነሳው አሁን እኛም ጋዝ ስለጀመርን ነው። በሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ተመርቋል። እዚያው ክልል ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት የተፈረመው ደግሞ ነሐሴ 2017 ነው። ፋብሪካ ባለበት ሠራተኛ ይመጣል። ሠራተኛ ባለበት ጋራዥ፣ ዳቦ ቤት፣ ብየዳ ቤት ይከፈታል። ለዚህ ሁሉ ኃይል ከጉባ ድረስ ማምጣት አገር ማቋረጥ ነው። ጋዙ ግን እዚያው ክልል ውስጥ አለ። የተወሰነው እዚያው ነድዶ ለአካባቢው መብራት ቢሆን ትክክል ነው ባይ ነኝ።

ጋዝ ርካሽ ነው እያልኩ አይደለም። ናይጄሪያ ውስጥ ለኃይል ማመንጫ የሚሸጠው ጋዝ ዋጋው በዶላር ይተመናል፤ ናይራ በወደቀ ቁጥር ሂሳቡ ይከብዳል። ጋዝ ሲነድ የሚያወጣው ካርቦንም አለ። ውሃ እያለን ጋዝ ለምን የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለአዲስ አበባ ቢሆን እኔም አልስማማም። የማወራው ስለ ጎዴ ነው።

እና አንድ ቀን እዚያ አካባቢ የጋዝ ማመንጫ ውል ሲቀርብ፣ ከሜጋ ዋቱ በፊት ሌላ ነገር ይጠየቅልኝ። ሽቦውን የሚዘረጋው ማነው? ሂሳብ የሚሰበስበውስ? ነገ አከፋፋዩ ቢሸጥ ወይም ለሁለት ቢከፈል ይህ ውል ምን ይሆናል? በዕለቱ መልሱ በጽሑፍ ከሌለ የመሠረት ድንጋዩ ይቆይ።