የ7×7 ምስጢር በማይክሮስኮፕ ብቻ አልተፈታም

ስለ ሲሊከን ገጽ የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን የሲሊከንን 7×7 ገጽ ምስጢር የፈታው የቢኒግና የሮረር ማይክሮስኮፕ (ገጹን በሹል መርፌ ጫፍ እያሰሰ አተሞችን የሚያሳየው STM) ነው በሚለው አልስማማም።

ሲሊከን በቫክዩም ውስጥ በደንብ ሲሞቅ (111) በሚባለው ገጹ ላይ ያሉት አተሞች አዲስ አሰላለፍ ይይዛሉ። ሽሊየርና ፋርንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1959 ይህን ያዩት በኤሌክትሮን ዲፍራክሽን ነው፤ ማለትም ኤሌክትሮኖች ከአተሞቹ ተበትነው ስክሪን ላይ በሚፈጥሩት የነጠብጣብ ንድፍ። ስክሪኑ ላይ በዋናዎቹ ነጠብጣቦች መሃል ስድስት ስድስት ደብዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች ይደረደራሉ። ርቀቱ ለሰባት ተከፈለ ማለት ነው፤ 7×7 የተባለውም ለዚህ ነው።

በ1983 የወጣው የማይክሮስኮፑ ምስል በእያንዳንዱ ሴል (ገጹ ላይ እየተደጋገመ በሚሄደው ክፍል) ውስጥ 12 ጉብታ አሳየ። ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ከጉብታዎቹ ስር ምን አለ? ምስሉ እዚያ ድረስ አይዘልቅም። ታካያናጊና ባልደረቦቹ በ1985 ኤሌክትሮኖችን በስስ ናሙና ውስጥ አሳለፉ። የነጠብጣቦቹን ድምቀት ተንትነው፣ ከስር ጥንድ ጥንድ የሆኑትን አተሞችና በሴሉ ግማሽ ላይ የተዛነፈውን ንብርብር ጭምር አወጡ። ነጠብጣብ ድምቀቱን እንጂ የሞገዱን ፌዝ (phase፣ ሞገዱ በዑደቱ የት ላይ እንዳለ) ስለማይነግር፣ ሞዴል እየገመቱ ማስላት የግድ ነበር። ልፋቱን አስቡት! 12ቱ ጉብታዎችም ከሞዴላቸው ጋር ገጠሙ።

በዚህ አወቃቀር በአንድ ሴል 49 የነበሩት ያልተጣመሩ ቦንዶች (አጋር አተም ያጡ ትስስሮች) ወደ 19 ይወርዳሉ፤ እነሱ ሲበዙ ገጹ አይረጋጋም። ገጹ ይህን ሁሉ የሚቀያየርበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። ጸሐፊው የታካያናጊን ሥራ ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።